ማውሱን ያልለቀቅሁበት ሰሞን

ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያስተማረኝ ጎረምሳ በዕድሜ ልጄ ቢሆን ነው፤ ስሳሳት ከንፈሩን ይመጥጥልኝ ነበር። ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ዘግይቼ ያገኘሁትን ፊደል ዛሬ የማውለው ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ለመጻፍ ነው። የሚታፈርበት ነገር ነው፤ አውቃለሁ።

ወገዳ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥበቃ ነኝ። ከዚያ በፊት እዚሁ ስማዳ ውስጥ ገጠር ስንዴና ገብስ አርስ ነበር። ሚስቴ ስትሞት መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ፣ አንዲት ልጄን ይዤ ከተማ ገባሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ልጅቱ እንድትማር ብዬ ነው» እላለሁ። ውሸት ነው። ያ ቤት አስጠልቶኝ ነው። ሚስቴን በለቅሶዋ ላይ አልቅሼላታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ደስታውም ኀዘኑም በሩቅ እንደሚያልፍ መኪና ነው የሆነብኝ፤ ድምፁን እሰማለሁ፣ ቀና ብዬ አላይም።

መንገድ በተዘጋ ቁጥር ትምህርት ቤቱም ይዘጋል። አንድ ጊዜ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ የኮምፒውተር መምህሩ አገሩ እስቴ ሊሄድ ተነሣና የክፍሉን ቁልፍ ሰጠኝ። ከነበሩት ማሽኖች የሚሠሩት ሦስት ብቻ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር ካልሠራ ይሞታል» አለኝ። «መብራት ባለ ቁጥር ያስነሷቸው። ትንሽ ይቆዩና ያጥፏቸው።»

«ምን እያደረግሁ ልቆይ?»

«ይጫወቱ» ብሎ ሳቀ፤ አንዱን ማሽን ከፍቶ አውሮፕላን አሳየኝ። እኔ የማውቃቸው ዓይነት አውሮፕላኖች አልነበሩም። አንዳንዱ የሚሽከረከረው ነገር የተተከለለት በቂጡ በኩል ነው። ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ታሪኩን እሱ ነገረኝ።

«አገሩ አሜሪካ ነው። በዚህ ጨዋታ ግን ፈርሷል። ክፍለ አገሩ ሁሉ የየራሱን ባንዲራ ሰቅሎ፣ መንገዱንም የባቡር ሐዲዱንም በየድንበሩ ዘግቶታል። ስለዚህ ዕቃ የሚሄደው በአየር ነው። ዕቃው አየር ላይ ሲወጣ ሽፍታውም ተከትሎት ወጣ። እርስዎ ሽፍታው ነዎት።»

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«አልሆነም። የዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ እንዲህ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ብለው ነው የሠሩት።»

«የሆነው አንሷቸው?»

«ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«እነሱ መንገድ ሲዘጋባቸው አውሮፕላን ሠሩ። እኛ ሲዘጋብን በራችንን ዘግተን እንቀመጣለን።»

«እርስዎ ይቀመጡ። እኔ እስቴ ድረስ በእግሬ ነኝ» አለና ሻንጣውን በትከሻው አድርጎ ወጣ።

መጀመሪያ ላይ ከመሬት እየተጋጨሁ አለቅሁ። ምክንያቱ እጄ ነው። እርፍ የያዘ ሰው ጫን ካላለ ማረሻው ይንሳፈፍበታል። መሬቱ ጠጠር ሲሆን፣ በሬው ሲደነብር፣ ሥሩ ሲይዝህ፣ መድኃኒቱ ያው መጫን ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲያ የኖረ እጅ ማውስ ሲሰጡት ሌላ ነገር አያውቅም። ጠላት ከኋላዬ በመጣ ቁጥር ክብደቴን በሙሉ ማውሱ ላይ አድርጌ ወደፊት እገፋለሁ። አውሮፕላኑ ደግሞ ወደፊት ሲገፉት አፍንጫውን ይደፋል። ቀና እንዲል ከፈለግህ ወደ ራስህ መሳብ አለብህ፤ ያውም ቀስ ብለህ፣ ዕንቁላል እንደያዘ ሰው። እስኪገባኝ ድረስ ሁለት ማውስ ሰበርሁ። አንዱ ሆዱ ውስጥ ቋ ብሎ ዝም አለ። ሁለተኛውን ጠረጴዛው ላይ ፈጥፍጬው ነው። የቀረው አንድ ሆነ። ሁለቱን ማሽኖች ማስነሣቱን ቀጠልሁ፤ ያለ ማውስ ግን በርተው ከማፍጠጥ በቀር ጥቅም አልነበራቸውም።

ከዚያ ለመደልኝ። ጠዋት ግቢውን እጠርጋለሁ፣ በሩን እቆልፋለሁ፣ መብራት ካለ እገባለሁ። የሽፍቶቹ ቤት የተነፋ ስልቻ የመሰለ ትልቅ የአየር መርከብ ነው፤ አውሮፕላኑ ከሆዱ ሥር ተንጠልጥሎ ይለቀቃል። በድልድይ ሥር አልፋለሁ፣ በሁለት ፎቅ መካከል ተጋድሜ አልፋለሁ፣ እተኩሳለሁ። የተመታው አውሮፕላን ሲቃጠል ሰውየው ዘሎ በጃንጥላ ይወርዳል። እኔ ዞሬ እመጣና እሱንም እመታዋለሁ። ምንም አይገኝበትም። ጨዋታውም አልጠየቀኝም። ስመታው የሚሰማኝ ነገር አልነበረም፤ ሳልመታው ሳልፍም የሚሰማኝ አልነበረም። መሸ ሲባል መሸ ነው።

ግንቦት ላይ ወሬ መጣ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ደብረ ታቦር ነው፣ ፈተናውም በኮምፒውተር ነው ተባለ። ልጄ ያን ዓመት ተፈታኝ ነበረች። ትምህርቱ ሲዘጋ ቤት ቁጭ ብላ፣ ሲከፈት ሮጣ እየሄደች፣ ከሰው ደብተር እየገለበጠች የደረሰች ልጅ ናት። ስልክ ታውቃለች። ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም፤ ሦስቱ ማሽኖች ለመቶ ተማሪ አይደርሱም ነበር።

የዚያኑ ዕለት መጣች። ወንበሩን ለቀቅሁላት። ጣቷን ዘርግታ የማሽኑን መስተዋት ነካችው። ምንም አልሆነም። ደግማ ጫን አለችው።

«ስልክ መሰለሽ?»

«ታዲያ በምን ልክፈተው?»

«በዚህ ነው፤ ያዥው። አትጫኚ! ወደ ራስሽ ሳቢ።»

«አባየ፣ ይኸ እኮ አውሮፕላን ነው። ፈተናው አውሮፕላን ንጂ አይለኝም።»

«እጅሽ ይለምዳል። እኔ የማውቀው ይህን ነው።»

ማውሱ የሚነዳትን ቀስት መስተዋቱ ላይ ስታንከራትት ቆየች። ወደ ግራ ስትል ወደ ቀኝ ትሄድባታለች፣ አንዱን ስትፈልግ ሌላውን ትጫናለች። ሳቀች። እሷ ስትስቅ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነበር። ጨዋታውን መሀል ላይ አቁሜው ነበር፤ አንድ የጭነት አውሮፕላን እየተከተልሁ ነበር።

«በቃ፣ ነገ ትቀጥያለሽ» አልኋት።

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣ ጀመር። በየቀኑም «ቆይ፣ ይችን ልጨርስ» እላታለሁ። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ታነባለች። ያች ስታልቅ ሌላ እጀምራለሁ፤ ካላለፍሁም እደግማታለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ዘጠኝ ተኩልም ላይ ይሄዳል። መብራቱ ሲሄድ ደብተሯን ዘግታ ትነሣለች። አትቆጣም። እናቷም አትቆጣም ነበር። ብትቆጣ ኖሮ እነሣ ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ ግን አንድ ቀን ተቆጥታለች።

«አባየ፣ ተፈታኙ አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

«ብትጮኺብኝ ነው የምወድቀው። ቆይ።»

«እሽ። ውደቅ።»

ወደቅሁ። ዘወር ብዬ ሳያት ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀመርሁት።

በዚያ ወር ማውሱን የያዘችበትን ጊዜ ብሰበስበው አንድ ቅዳሴ አይሞላም። የማስታውሰው ይህን ነው። ልጄን አልጠላትም። እንድታልፍ እፈልግ ነበር፤ አባቴ እኔን ከበሬ ኋላ ያስቀረኝን ያህል እሷ ከፍ ብላ እንድትታይ እፈልግ ነበር። የፈለግሁትም፣ የከለከልኋትም እኔው ነኝ።

ከጓደኞቿ ጋር በጭነት መኪና ሄደው፣ ተፈትነው፣ ከሳምንት በላይ ቆይተው ተመለሱ። ፊቷ አቧራ ለብሷል።

«እንዴት ነበር?»

«ቀስቲቱን መልሱ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ። "ሀ" ስል "ለ" ይመረጥብኛል። ሌሎቹ ሁለተኛው ገጽ ሲገቡ እኔ አንደኛውን እየደጋገምሁ ነበር። ከዚያ ለመደልኝ።»

«ለመደልሽ?»

«ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል። የሚበላ አለ?»

ነበር። በላች፣ ተኛች።

ፍልሰታ ደረሰ። ከጾሙ በፊት የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። እዚሁ አገራችን ቤተ ልሔም ገዳም ሄደው የድጓ ዜማ ያስመሰከሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በሥራ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ።

«አባ፣ ሰው መትቻለሁ» አልኋቸው።

መቋሚያቸውን ጠበቅ አደረጉ። «የት?»

«ኮምፒውተር ላይ።»

መቋሚያቸውን ላላ አደረጉ። «ነፍስ ያለው ነው?»

«የለውም። የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው።»

«እና ምን ሆንሁ ነው የምትለኝ?»

«አውሮፕላኑ ሲቃጠል ሰውየው በጃንጥላ ይወርዳል። እጁ ባዶ ነው። እሱን ነው የምመታው።»

«ስንቱን?»

«አልቆጠርሁም።»

«በጾም?»

«ሁዳዴንም፣ የሰኔንም።»

«ረቡዕና ዓርብስ?»

«መብራት ካለ ቀን አልለይም።»

አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ። ሳቃቸውን እንደሆነ ገባኝ። «ይህን የሚፈታ መጽሐፍ አላየሁም» አሉ። ቆይተው ግን ፊታቸው ተመለሰ። «ሥዕሉ አይገደኝም። ባዶ እጁን የሚወርድ ሰው እያየህ እጅህ እንቢ አለማለቱ ነው የሚገደኝ። ዐርባ ስግደት ስገድ። ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ልጅቱ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት አባ። ተፈትናለች።»

«እንግዲያ እግዚአብሔር ይርዳት። ዐርባዋን እንዳታጓድል።»

አላጓደልሁም። ጉልበቴ አብጦ ለሦስት ቀን አነከስሁ። ስለሌሉ ሰዎች መስገድ አይከብድም። ያላችውን ልጅ ከጎኔ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ያደረግሁትን ግን አልተናገርሁም። ረስቼው አይደለም፤ ምላሴ ላይ ነበር። «ሌላስ?» ሲሉኝ እሷ ነበረች የመጣችብኝ። «የለም» አልሁ።

ውጤቱ መስከረም ላይ መጣ። መምህሩ ከእስቴ ተመልሶ ነበር፤ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ የተማሪዎቹን ሁሉ የፈተና ቁጥር እየተቀበለ አየላቸው። ማለፊያውን አላገኘችም።

«ትንሽ ነው የጎደላት፣ ጋሼ» አለኝ በሩ ላይ። «በጣም ትንሽ።»

«ስንት ጥያቄ ይሆናል?»

«እንጃ። ጥቂት ነው። ሰዓት ያጠራት ይመስለኛል።» ከዚያ ከንፈሩን መጠጠ።

ቤት ስገባ ድንች ትልጥ ነበር። ሰምታለች። ዓይኗ ደርቋል። አጠገቧ በርጩማ ስቤ ተቀመጥሁ።

«ለከርሞ በግል እፈተናለሁ» አለች፣ ሳልጠይቃት።

«ማውሱን ስላልለቀቅሁልሽ ነው» አልኋት። አባ ያልሰሙትን ለእሷ ለመናገር አስቤ የገባሁ አይደለሁም፤ ወጣ።

«ሒሳቡም ከብዶኝ ነበር።»

«ሰዓት አጠራት አለኝ መምህሩ።»

«አጥሮኛል።» አንዱን ድንች ውኃው ውስጥ ጣለችው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ። ያን ጊዜ እያለቀስሁ ብለምንህ ኖሮ፣ ትነሣልኝ ነበር?»

እውነቱን ለማግኘት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

«አልነሣም ነበር።»

«እኔም እንደማትነሣ ስለማውቅ ነው ያልለመንሁህ» አለች።

ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም፤ የእኔ ድምፅ ነው የመሰለኝ። ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ደረቴ ላይ ቆየ፣ ልጅቱ የእኔን ድምፅ መያዟ። ሌላ ቢላዋ አንሥቼ ከፊቷ ካለው ክምር አንድ ድንች ወሰድሁ። እሷም ክምሩን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ውኃው እስኪሞላ ድረስ ላጥን።