ከቡሬ ያልወጣው የሞተር መብራት

ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ጋራዥ ወስጄ የማስጠፋው የመኪናዬ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት፣ ሰኞ ቡሬ ቤቴ ዓይኑን አፍጥጦ ይጠብቀኛል። መካኒኩ «የጭስ ማውጫው ሴንሰር ነው» ብሎ ቀየረው፤ መብራቱ ተመልሶ በራ። ጭስ ማውጫውን አውርዶ አጸዳው፤ አሁንም በራ። በመጨረሻ ከታንኩ በጠርሙስ ቀድቶ ሲያሳየኝ፣ ከቤንዚኑ ሥር ውሃ ተኝቷል።

«ጭሱን የሚያበላሸው ይሄ ነው። ቤንዚን የሚሸጥልህ ማን ነው?» አለኝ።

በጀሪካን የሚሸጥልኝ ጎረቤቴ ነው። ሄጄ ሰው ፊት አዋረድኩት። በታቦት ምሎ ተገዝቶ ካደ። «ደግሞ ለመሐላ!» ብዬው ወደ ቤቴ ገባሁ።

ንዴቴ ስላልበረደ አብረውን ለሚኖሩት አማቴ አወራኋቸው። መኪና ከገዛሁ ወዲህ አደጋ እየፈሩ እንቅልፍ የላቸውም።

«ታክሞም ይበራል?» አሉኝ።

«ይበራል፣ እማማ። ስነዳው ደግሞ ያንዘፈዝፈዋል።»

ፊታቸው ፈካ።

«እሰይ! መንዘፍዘፍ ከጀመረማ መንፈሱ ሊለቅ ነው፣ ልጄ። በየሰንበቱ በቤንዚኑ አፍ የማጠጣው የግሽ ዓባይ ጠበል ይዞለታል ማለት ነው። እስካሁን በስኒ ነበር፤ ከእንግዲህ በጆግ አደርገዋለሁ።»