መብረቅ ድምፅዋን ያጣች ጊዜ

መምህሯን ተማሪዎቿ በሌለችበት «መብረቅ» ይሏታል። ሦስተኛ ክፍል ስታስተምር ድምፅዋ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ክፍል ያሉትን ልጆች ሳይቀር ቀጥ ያደርግ ነበር። ክፉ ሰው ግን አይደለችም፤ ተቆጥታ ሳትጨርስ አንጀቷ የሚራራ ዓይነት ናት።

በዚያ ክፍል አንዲት አስቸጋሪ ልጅ ነበረች። ጮክ ብሎ የማንበብ ሰዓት ሲደርስ እንደ ድመት ትጮኻለች። «ሚያው!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። መምህሯ «ውጪ!» ትላለች፤ ልጅቷም ፈገግ ብላ ውልቅ ትላለች። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ከረሙ።

አንድ ቀን መምህሯ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነቃች። ሐኪሙ አያትና፣ «ከእንግዲህ ከጮኹ ድምፅዎን ለዘለቄታው ያጡታል» አላት። ባሏ ይህን ሲሰማ፣ «ተመስገን! የመናገር ተራ ደረሰኝ» ብሎ አሳቃት።

በማግስቱ የንባብ ሰዓት ላይ ድመቷ ጮኸች። መምህሯ እንደለመደችው አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። ስለዚህ ቀስ ብላ ሄዳ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች። ልጅቷ በሩን አየች፣ መምህሯን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አያስወጡኝም እንዴ ቲቸር?»

«ዛሬስ እዚሁ ነሽ። በይ፣ ከዚህ ጀምሪ» አለቻት በሹክሹክታ፣ መጽሐፉን እየጠቆመች።

የልጅቷ ጣት ከመጀመሪያው ፊደል አልነቃነቅ አለ። መምህሯ ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ልጅቷ ማንበብ አትችልም። «ውጪ» መባሉ ለእሷ ማምለጫ እንጂ ቅጣት አልነበረም፤ በሩን ስትከፍትላት የኖረችውም ራሷ መምህሯ ናት።

«ድምፄ ደክሟል፤ እሷ ታግዘኛለች» አለች ለክፍሉ፣ በሻከረ ድምፅዋ። አንዷ እየመራች፣ ሌላዋ እየተከተለች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አብረው አነበቡ።

ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ወደ ቤት ሲሄዱ ሁለቱ ቀርተው ለነገ የሚነበበውን ይለማመዱ ጀመር። ቀላል አልነበረም። አንድ ቀን ልጅቷ መጽሐፉን ወርውራ፣ «እኔ ደደብ ነኝ!» ብላ አለቀሰች።

«ደደብማ ብትሆኚ ይህን ሁሉ ጊዜ እኔን ባላታለልሽኝ!» አለቻት መምህሯ። ልጅቷ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ አንቀጽ ብቻዋን አነበበች፤ ቀስ እያለች፣ እየተደናቀፈች። ማንም አልሳቀባትም።

በዚያው ሰሞን የጎረቤት ክፍል መምህር፣ እርሳስ እየሰበረ የሚያስቸግረውን አንድ ተማሪ እያነሳ አማረረ።

«የሚሰብረው ምን ሥሩ ሲባል ነው?» አለችው መምህሯ።

መምህሩ፣ «እሱን እንኳ ልብ አላልኩም» አለና ልጁን ሊከታተል ወደ ክፍሉ ተመለሰ።