ከሆሳዕና የዘጋሁት መስመር

ሆሳዕና ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ሳለሁ፣ በየወረዳው ያሉትን ስዊቾች ከአንዲት ጠባብ ክፍል ሆኜ እከታተል ነበር። ስዊች የአንድን ቢሮ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን ነው። ፕሮግራማችን ኤስኤንኤምፒ በሚባለው መግባቢያ በየአምስት ደቂቃው ደህንነቱን ይጠይቀዋል፤ ችግር ሲገጥመው ደግሞ ስዊቹ ሳይጠየቅ መልእክት ይልካል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአንዲት ትንሽ ከተማ ስዊች በላይ በላዩ መልእክት ላከ። አንድ ሰው ፋይናንስ ክፍል ውስጥ የአንድን ገመድ ሁለት ጫፍ ወደዚያው ስዊች መልሶ በመሰካቱ መስመሩ ተጨናንቆ ነበር። ከወንበሬ ሳልነሳ ወደ ፋይናንስ ክፍል የሚሄደውን መስመር ዘጋሁና ገመዱን እንዲነቅለው እዚያ ላለው ባለሙያ ደወልኩለት። የአንጋጫ ልጅ ነው፤ ሥራ የጀመርነው አብረን ነበር።

«እሺ እህቴ፣ ሻዬን ጠጥቼ እነቅለዋለሁ» አለኝ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ ዘመዶቻቸው በመታሰራቸው የተቆጡ ሰዎች እሱ የሚሠራበትን ግቢ ጥሰው ገቡ። ጥበቃውን በዱላ ጣሉት። የአንዲት ጸሐፊ ግንባር በድንጋይ ተፈነከተ። ፋይናንስ ክፍሉን አቃጠሉት። በእኔ ስክሪን ላይ አረንጓዴዎቹ ምልክቶች ተራ በተራ ቀይ ሆኑ፤ ከዚያ ስዊቹ መልስ መስጠቱን አቆመ።

ከሰዓት በኋላ የአንጋጫው ልጅ ሚስት ደወለች። «ፖሊስ ወሰደው። ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ከእነሱ ጋር ተባብረህ ኔትወርኩን አንተ ነህ የቆረጥከው እያሉ ይገርፉታል። አንቺ ታውቂ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«አጣራለሁ» አልኳት። ምን የሚጣራ ነገር ነበር? ስዊቹ ከመቃጠሉ በፊት የላከው መዝገብ እኔ ጋ ነበር፤ ማን እንደዘጋው ከነሰዓቱ ተጽፏል። ግን ፈራሁ። ረቡዕን ሙሉ መዝገቡን ያተምኩበትን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ዋልኩ።

ሐሙስ በሚኒባስ ወደ ከተማዋ ሄድኩ። ፖሊስ ጣቢያው በረንዳ ላይ ቆሜ ጩኸት ሰማሁ። መጀመሪያ የእሱ መሆኑን አላወቅኩም ነበር፤ ድምፁ የሰው አይመስልም።

የጣቢያው አዛዥ የሰጠሁትን ወረቀት አገላብጦ አየው። «ይህን ማን ጻፈው?»

«መሣሪያው ራሱ ነው ጌታዬ። የዘጋው ኮምፒውተር አድራሻ ይኸውልዎት። የእኔ ነው።»

«አንቺ ነሻ!»

በጥፊ መታኝ። ከግድግዳው ጋር ተጋጨሁ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ሲያሳርፍብኝ ተቀመጥኩ። «ጻፊ» አለኝ። ደሜ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ የሆነውን ሁሉ ጽፌ ፈረምኩ። ወደ ሆሳዕና ደውሎ አለቃዬን ጠየቀ። አለቃዬ መስመር መዝጋት የእለት ተእለት ሥራዬ መሆኑን ሲያረጋግጥለት፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሁለታችንንም ለቀቁን።

ውስጥ እግሩ በኤሌክትሪክ ገመድ ስለተገረፈ መራመድ አልቻለም። ደግፌ ባጃጅ ላይ አወጣሁት።

«መታሰሬን መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ።

«ማክሰኞ።»

ቤቱ አደረስኩት። ሚስቱ በራቸው ላይ ተቀበለችው፤ እኔን ግን ግቢ አላለችኝም።

ከወራት በኋላ ሥራውን ለቆ ዱራሜ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገኛ ከፈተ። አንድ ቀን ሄጄ አገኘሁት። ተጨባበጥን። ይቅርታ እንዲያደርግልኝ መለመን ስጀምር፣ ግራ ጆሮው ከእስሩ ወዲህ እንደማይሰማ ነገረኝና በቀኙ በኩል እንድቆም በእጁ አሳየኝ። ዞሬ ቆምኩና እንደገና ጀመርኩ። እስክጨርስ ሰማኝ፤ ከዚያ የፈታውን ኮምፒውተር መግጠሙን ቀጠለ።