የትኛው መስቀል?

ይህ የሆነው ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን፣ አሶሳ ውስጥ አንድ ቢሮ በአንድ መኪና ይሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። ብዙ ዓመት ቢያልፈውም ከመኪና ስር ቋ የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬን ብሆን እንኳ አፍራለሁ።

ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ ጤና ረዳት ነበርኩ። የአካባቢው ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። ብዙዎቹ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ እሱን እሷ፣ እሷን እሱ ሲሉ እኔ ቶሎ ብዬ አርማለሁ። «ዶክተር» ሲሉኝ ግን አንድም ቀን አላረምኩም።

አንድ ጠዋት ከሆሞሻ ወዲያ ላለ ቀበሌ የኩፍኝ ክትባት ማድረስ ነበረብን። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው እንዲጠብቁ ቀን ተቆርጦላቸዋል። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ነው የሚሄደው፤ በረዶው ከቀለጠ ከንቱ ነው። ሾፌራችን ደግሞ በወባ ተኝቷል። መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ደረቴን ነፍቼ ቁልፉን ተቀበልኩ። ሾፌሩ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ «ድምፅ አላት፣ ቀስ ብለህ ያዛት» አለኝ። «ለእኔ ተዋት» አልኩት።

መንገድ የሚያሳዩኝ ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ የዚያው ቀበሌ ሽማግሌ ነበሩ። ገና ከከተማ ሳንወጣ ድምፁ ጀመረ። ፍሪሲዮን ለቅቄ ነዳጅ ስሰጥ ከስር ቋ ይላል። ነዳጅ ስቀንስም ቋ። መጀመሪያ ክሪኩ ነው ብዬ ወርጄ በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። አልተወም። ቀጥሎ ካምቢዮው ነው ብዬ ፈረድኩ። ስለ ካምቢዮ ከስሙ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ጥርሶቹ እንዴት እንደሚበሉ ለሐጂ ኢድሪስ በሰፊው አስረዳኋቸው።

አዳምጠው ሲያበቁ «ካምቢዮ አይደለም፣ ዶክተር። መስቀል ነው። መስቀል ላላች፣ እሷ ነው የምትመታ» አሉ።

«ላላ ነው የሚባለው» አልኳቸው።

ከዚያ ነገሩ ገባኝ፤ ማለቴ የገባኝ መሰለኝ። እናቴ የሰጠችኝን የእንጨት መስቀል ጠዋት ስንነሳ መስታወቱ ላይ አንጠልጥዬው ነበር፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ይወዛወዛል። ሐጂው ሙስሊም ናቸው፤ ቅር ብሏቸው በዘዴ መናገራቸው ነው አልኩ በሆዴ። ተናደድኩ። ደግሞም ቻይነቴን ማሳየት አማረኝ። መኪናውን አቁሜ መስቀሉን ፈታሁ፣ ተሳልሜ ኪሴ ከተትኩና «አባባ፣ ዋናው ተከባብሮ መኖር ነው» አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው አዩኝና «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ጥቂት ኪሎ ሜትር በራሴ ትልቅነት እየተደሰትኩ ነዳሁ። ድምፁ ግን ባሰበት።

«መስቀል አሁንም ትመታለች» አሉ።

«ኪሴ ውስጥ ነው ያለው» አልኩ ቆጣ ብዬ።

ወዲያው አንድ አቀበት መሐል ላይ ከስራችን የሆነ ነገር ተሰበረ። ብረት መሬቱን ደበደበው። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ፍሬኑን ረግጬ ቀረሁ። ሐጂው ወርደው ከጎማው ስር ድንጋይ አደረጉ።

ያኔ ፈራሁ። ፀሐዩ እየከረረ ነው፣ በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ልጆቹ እየጠበቁ ነው። ኩፍኝ ከዚያ ቀበሌ ልጆች ወስዶ ያውቃል።

ሐጂ ኢድሪስ ጀለብያቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ መፍቻ ይዘው ከመኪናው ስር ገቡ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስደውን ረጅም ዘንግ ፈትተው ጎትተው አወጡት። ከመጋጠሚያው ላይ አንዲት ብረት ነቅለው በመዳፋቸው ይዘው አሳዩኝ። አራት ክንድ ነበራት፤ አንዱ ተሰብሯል። ቁርጥ መስቀል።

«ሱዳን ሰሊባ እንላለን። በአማርኛ መስቀል አይደለም?» አሉ። ለካ እዚያው ሱዳን፣ ደማዚን ውስጥ ሰባት ዓመት ሎሪ ነድተዋል።

«ታዲያ እኔ ያንን ስፈታ ለምን ዝም አሉ?»

«ለመኪና ዱዓ የምታደርግ መሰለኝ።»

መግቢያ ቀዳዳ ጠፋኝ። ሰውዬው ያልጠየቁኝን ትዕግሥት ሰጥቼ፣ በዚያው ስኮራ ነበር የመጣሁት።

የኋላው ዘንግ ባይኖርም የፊት ጎማዎቹ ይጎትታሉ ብለው የፊቱን ማርሽ አስገቡና መሪውን ራሳቸው ጨበጡ። እኔ የበረዶ ሳጥኑን ታቅፌ በጎን ተቀመጥኩ። ስንደርስ እናቶቹ አልተበተኑም። ሳጥኑን ስከፍት ጥቂት በረዶ ቀርታ ነበር፤ ሰው ባያየኝ አለቅስ ነበር። መጀመሪያ የወጋኋት የሐጂው የልጅ ልጅ ነበረች። ሳታለቅስ ስትቀር «እሱ ጎበዝ ነው» አሉ። አላረምኳቸውም።

ስንመለስ መስቀሌን እንዳወጣ ጠየቁኝና ዘይት በነካው እጃቸው መስታወቱ ላይ መልሰው አሰሩልኝ። የጣታቸው አሻራ እንጨቱ ላይ ቀርቷል፤ ለማስለቀቅም አልሞከርኩም።

እኔ አሁንም ቁጡ ነኝ፣ አሁንም ሰው አርማለሁ። ባለቤቴ ግን ይህን ታሪክ ታውቃለች። ሰው ሳያስጨርሰኝ፣ ይቅርታ፣ ሰው ሳላስጨርስ ከአፉ መንጠቅ ስጀምር ከጓዳ ሆና «የትኛው መስቀል?» ትለኛለች። እኔም ሰውየው እስኪጨርስ አዳምጣለሁ።