የሳፋው ባሕር

«ውኃ ወሰደብኝ የነጠላዬን ጫፍ…»

ይታየሽ የምታስታውሰው እስከዚህ ድረስ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ድሮ ጠፍቶባታል። በቦታው «እም… እም…» ትልና ትንፋሿን ስባ ፊቷን ሳፋው ውስጥ ትነክራለች። ጨው የበዛበት ውኃ ነው። ከሥሩ ዓይኗን ትገልጣለች፤ እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላታል፤ እስከ ሃያ ቆጥራ ብቅ ትላለች።

ባሕር እየለመደች ነው። ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ የጠገበ ሰው ትንፋሽ መያዝ አይችልም ብለዋታል።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስራኤል ከመጣች ሃያ አራት ዓመቷ፣ ባሏን ከቀበረች ስድስት ዓመቷ ነው። ቂርያት ቫይዝማን የሚባል የሳይንስ መንደር ውስጥ ላቦራቶሪ ታጸዳለች፤ ነጭ ጋዋን የለበሱት ተመራማሪዎች ስትወለውል እግራቸውን ያነሣሉ እንጂ ስሟን አያነሡም። ያለቻት አንዲት ልጅ ኖያ ናት። ኖያ ከውትድርና ስትፈታ እንደ እኩዮቿ ቦርሳዋን አዝላ ፊሊፒንስ ሄደች። ከቦሆል ደሴት ፎቶ ላከች፤ ከደን መሐል የሚወርድ ፏፏቴ፣ የባሕር ኤሊ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ፊቱ ዓይን ብቻ የሆነ እንስሳ ግንድ አቅፎ። ከሥሩ «ኢማ፣ በሚቀጥለው እኔና አንቺ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ እናቷን የምትጠራው በዕብራይስጥ ነው።

ያቺን አንዲት መስመር ይታየሽ ዓመት ሙሉ ኖረችባት። ሴቶች ብቻ በሚገቡበት ሰዓት መዋኛ ሄዳ ዋና ተማረች። ፏፏቴው አጠገብ ድንኳን ውስጥ እንደሚታደር ስትሰማ ፍራሿን አውርዳ መሬት ላይ መተኛት ጀመረች። ከሥራ የሰባት ቀን ፈቃድ ጠየቀች። የቀረው የአስጎብኚው ድርጅት ቅጽ ነው። ባሕር ውስጥ ብቻውን የሚጠልቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ጥንድ ያሻዋል። በጥንዱ ቦታ «ኖያ» ብላ ጽፋለች። ለኖያም በስልክ ጽፋላታለች። ሦስት ቀን ሆነው፤ መልእክቱ ተነቧል፣ መልስ ግን የለም። ቅጹ የሚላከው ነገ ነው።

በሩ ተንኳኳ።

ከታች ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ዘቢደር ነበሩ። ነጠላቸውን እንደ ኀዘንተኛ አደግድገዋል። ከኋላቸው የሥራ ባልደረባዋ ውቢት ድስት ይዛ፣ ጎረቤታቸው ቢራራ አራት የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ ቆመዋል። እትዬ ዘቢደር የይታየሽን የቀላ ዓይን አዩ፤ መሬት የተነጠፈውን ፍራሽ አዩ።

«ወይኔ ልጄን! ብቻሽን ተቀመጥሽ?»

«እትዬ፣ ይቆዩማ…»

«ዝም በይ! አልቅሺ፣ ይውጣልሽ!»

«ልክ እንደ ኀዘን፣ ሰባት ቀን ፈቃድ ስትጠይቅ እኮ ገብቶኝ ነበር» አለች ውቢት እያነባች። «ለምን ስላት ‹ሲደርስ ትሰሚያለሽ› አለችኝ። እንዲህ አድርጎ መርዶ መደበቅ አለ?»

ይታየሽ ልትናገር አፏን ስትከፍት እትዬ ዘቢደር ደረታቸውን እየደቁ አንጎራጎሩ።

«ውኃ ወሰደብኝ የነጠላዬን ጫፍ፣
ልከተለው ነበር ባውቅ የት እንደሚያርፍ።»

የጠፋው ስንኝ! የዥዋዥዌ ዘፈን ይመስላት ነበር፤ ለካ የለቅሶ ነው። ፍራሹ ላይ ዘጭ ብላ እውነተኛ እንባ አለቀሰች። ከባሏ ለቅሶ ወዲህ ይህን ያህል ሰው ቤቷ ገብቶ አያውቅም።

ቆይቶ ቢራራ ጉሮሮውን ጠረገ። «ግን… ማን ነው የሞተው?»

«ማንም።»

ፎቶውን፣ ቅጹን፣ ሳፋውን አሳየቻቸው።

«እና እኔ» አሉ እትዬ ዘቢደር ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «ለዚህች ጉጉት ፊት ነው ደረቴን የደቃሁት?»

«ወንበሩን ከአራተኛ ፎቅ ነው እኮ ያወረድኩት!» አለ ቢራራ። ሳቁ። እሷም ሳቀች።

ሳቁ ሳይበርድ ኖያ እያለከለከች ገባች። ውቢት ደውላላት ከምትኖርበት ከተማ ከቤኤር ያዕቆብ መምጣቷ ነው።

«ኢማ! ማ ካራ? ምን ተፈጠረ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ልጄ። መልእክቴን አየሽው?»

ኖያ ጎረቤቶቹን አየች፣ ቅጹን አየች፣ የገዛ ስሟን አየች። እናቷ አጠገብ ፍራሹ ላይ ቁጢጥ አለች።

«ከኒቭ ጋር ቲኬት ቆርጠናል። እዚያው ነው የምንሄደው። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጠፋኝ።»

ኒቭ የወንድ ጓደኛዋ ነው፤ ቤኤር ያዕቆብ አብረው ተከራይተዋል። ይታየሽ የልጇን ፀጉር ዳሰሰች፤ እንደ ሕፃንነቷ ላብ ላብ ይሸታል።

«ቤሰደር» አለች። «እሺ፣ የኔ ዓለም። አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ እስከ ሃያ መቁጠር ከቻለ ኤሊዋን ያያታል፤ ለኒቭ ንገሪው።»

ኖያ ተሰናብታ ወደ አውቶቡሷ ሮጠች። ቢራራ ወንበሮቹን መልሶ ተሸከመ፣ ውቢትም ተከተለችው። ድስቱን ግን እትዬ ዘቢደር እንዳይነካ ከለከሉ።

«ለለቅሶ የመጣ ንፍሮ ተመልሶ ቤት አይገባም። ብይው። ልቀመጥልሽ?»

«ይሂዱ እትዬ፣ ደክሞዎታል።»

«እንደ ወደድሽ» ብለው የበሩን መዝጊያ ቀስ አድርገው ሳቡት።

ይታየሽ ቅጹን አነሣች። ኖያ የሚለውን ስም በአንድ መስመር ሰረዘችው። ሌላ ስም አሰበች፤ አልመጣላትም። «መጥለቅ» ከሚለው ጎን «አይ» የምትለዋን ሳጥን ሞላች፤ ከ«ፏፏቴ» እና ከ«የዱር እንስሳት» ጎን «አዎ» አለች። ፏፏቴ ሥር ለመቆም ጥንድ አይጠየቅም። ፈረመች። የሳፋውን ባሕር ተሸክማ ወስዳ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው፤ እስኪያልቅ ቆማ አየችው።

ከዚያ ሁለቱንም ስንኝ፣ አንዱንም ሳትዘል፣ በቀስታ እያንጎራጎረች ድስቱን ከፈተች። ንፍሮው ገና ለብ ያለ ነው። ፍራሹ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ በእፍኟ ዘግና መብላት ጀመረች።