ውሻ የነከሰው ወንድሜና ቦርከና

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ዛሬም የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሲያገሳ ከሰማሁ ያ ቀን ይመጣብኛል።

አንድ ያበደ ውሻ ከጨፋ ሮቢት ገበያ ወጥቶ በየመንደሩ ልጅ ነከሰ። ታናሽ ወንድሜን ሰይድንም ደጃችን ላይ ባቱን ዘነጠለው። አባቴ ለንግድ አፋር ወርዶ ስለነበር ቤቱን የምታዝዘው ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ዘሃራ ነበረች። ቁስሉን በሎሚ አጠበች፣ ዱዓ አስደረገች፣ ልጁን ጓዳ አስገባችው። ውሻ የነከሰው ሰው ወንዝ ከተሻገረ በሽታው ይነሳበታል ይባል ነበርና የተነከሱት ሁሉ በየጓዳው ተደበቁ።

ብዙም ሳይቆይ ከወንዙ ማዶ፣ ከከሚሴ ክሊኒክ አንድ ድሬሰር በበቅሎ መጣ። ከሚሴ ወስዶ መርፌ ሊያስወጋቸው የተነከሱ ልጆችን በየቤቱ እየጠየቀ ይፈልግ ነበር።

"እዚህ ቤት የተነከሰ አለ?"

"የለም" አለች አክስቴ።

"ወላሂ በይ።"

አክስቴ በውሸት አትምልም። "እዚሁ ውጋልን እንግዲያ" አለችው።

"መድኃኒቱ ከቀዝቃዛ ቦታ ከወጣ ይበላሻል። ሕመሙ ከጀመረው ደግሞ መዳኛ የለውም።"

"ከተሻገረ ይሞታል እኮ ነው የምልህ። የማን አገር ሰው ነህ ይህን የማታውቅ?"

"የባቲ ነኝ። እኛም ጋ እንዲሁ ይላሉ። ቢሆንም ዛሬ ይሻገር።"

እናቴ ጥግ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ተነሥታ ሰይድን አዘለችና ወጣች።

ወንዙ ዳር እኔን ድሬሰሩ በቅሎው ላይ አፈናጠጠኝ። ውሃው እናቴን እስከ ወገቧ ያዛት። መሐል ስንደርስ ሰይድ ቁልቁል አይቶ ጮኸ፤ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አክስቴ ከዳር ሆና "ተነሳበት፣ መልሽው!" ትላለች። እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ልጁ ፈርቶ ነው" አለ ድሬሰሩ። "ውሃ መሐል አይቆምም፣ እቴ። ኮቱ፣ ነይ ወደ እኔ።"

ተሻገረች።

ከሚሴ ዘመድ ቤት አርፈን ሰይድ በየቀኑ ሆዱ ላይ መርፌ ተወጋ። በሽታው የተነሳበት ውሃ መዋጥ አይችልም ይባላልና እናቴ ማለዳ ማለዳ ውሃ በጣሳ ትሰጠውና እስኪውጥ ድረስ ዓይኗን ከጉሮሮው አትነቅልም። እኔም አብሬ አያለሁ።

ሰይድ ተረፈ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ካረጀች በኋላ እናቴን "ድሬሰሩን አምነሽው ነበር?" ብዬ ጠየቅኋት። "ኧረ ምን አምኜ፤ ይሞትብኛል እያልሁ ነው የተሻገርሁት" አለችኝ። ይህን ሳስብ እስከ አሁን ይጨንቀኛል።

ያኔ እኛ ከሚሴ ሳለን ጓዳ ከቀሩት መካከል የጎረቤታችን ልጅ በዚያው በሽታ ሞተ። አክስቴ ዘሃራ ከለቅሶው እንደተመለሰች በየቤቱ ገብታ የተደበቁትን ልጆች አወጣች። ከዚያም ራሷ ከፊት ሆና ቦርከናን አሻገረቻቸው።