በፈቃዴ ነው በይልኝ

ከሬይኪያቪክ የወጣሁበት ሌሊት፣ ሌሊት ለማለት ያስቸግራል፤ ሰኔ ስለነበረ ሰማዩ አልጨለመም። አይስላንድ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ የምሠራበት ሆቴል በኮሮና ተዘጋ፣ ዲቪ ደረሰኝ፣ ይኸው ኮሎምበስ ኦሃዮ ገባሁ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ዕድለኛ ናት ትሉኛላችሁ። ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው። ሰው አንድ ጊዜ ይሰደዳል፤ ለሁለተኛው ጉልበት ከየት ይመጣል?

ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ደብተር ይዤ ነበር። እዚያ ቋንቋ ስማር የኢኮኖሚ ቃላት የጻፍኩበት ነው፤ እንግሊዝኛው፣ ጎኑ አይስላንድኛው፣ ከዚያ እኔ የፈታሁት አማርኛ። አይስላንዶች ቃል መበደር አይወዱም፤ ከራሳቸው ይሠራሉ። ኢንፍሌሽንን ቬርድቦልጋ ይሉታል፣ የዋጋ እብጠት ማለት ነው። አንኢምፕሎይመንት አትቪኑሌይሲ ነው፣ ሥራ ማጣት። ዓሣ ስትቆርጥ የምትውል ሴት ዜና ሰምታ ይገባታል። እንግሊዝኛው ግን ሱፍ ለብሶ የመጣ ይመስለኛል።

ኮሎምበስ፣ ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር ቤት በተከራየሁ በዓመቱ አከራዬ ኪራይ ጨመረብኝ።

"ለምን?" አልኩት።

"ኢንፍሌሽን ነው።"

"የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከመጣሁ ጀምሮ ያንጠባጥባል። እሱስ?"

"ፕለምበር ተወዷል። ኢንፍሌሽን ነው እኮ!"

ለጨመረውም ላልሠራውም ያው አንድ ቃል ይበቃዋል።

ከእኔ በታች ያለው ቤት እትዬ ብርቄ ይኖራሉ። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያሽጉ ኖረዋል። በፈረንጆቹ 2022 አለቃቸው ጠርቶ ሥራ ቀንሷልና ከሰኞ ጀምሮ አይምጡ አላቸው። እሳቸው ዓርብ ዕለት ድፎ ዳቦ ጋግረው ወሰዱለትና መርቀውት ወጡ።

አንኢምፕሎይመንት፣ መንግሥት ሥራ ላጣ ሰው የሚከፍለውን ገንዘብ፣ ለመጠየቅ ስንደውል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ራሳቸው ለቀቁ ወይስ ተቀነሱ ብላ ጠየቀችኝ።

"በፈቃዴ ነው በይልኝ" አሉ።

"እትዬ፣ ሌይኦፍ አድርገውዎት የለም እንዴ?"

"ተባረርኩ ልበል? መርቄው ወጥቼ ዞሬ የሰውየውን ስም ላጥፋ? የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ አይደለሁም!"

እኔም በአዋቂነቴ ኮርቼ፣ አንድ ቃል ሳልጥል እንዳሉት ተረጎምኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ በፈቃዱ ሥራ የለቀቀ አይከፈለውም ይላል። እትዬ ብርቄ ደብዳቤውን አጥፈው አጥፈው "ቤቱስ?" አሉኝ። ገንዘቡ ካልመጣ ቤታቸውን ለቀው ፍራንክሊንተን ሰፈር፣ የዘመድ ሶፋ ላይ ሊያድሩ ነው። አፈርኩ። ሦስት ቋንቋ አውቃለሁ እያልኩ የአንዲት ሴት ጣሪያ ላስወስድ ነው።

ይግባኝ አልን። ከቢሮው አንድ ሰውዬ ደወለና ስፒከር ላይ አደረግነው። ጥያቄው ያው ነው።

"በፈቃዴ ነው በይው" አሉ እትዬ ብርቄ።

ሰውዬው "ሄሎ? ሄሎ?" ይላል። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ፣ "ሥራ ስለቀነሰ አለቃቸው ከሰኞ ጀምሮ አይምጡ ብሏቸዋል" አልኩት። ኪቦርዱን ሲመታ ይሰማኛል። እትዬ ብርቄ አሥራ አንድ ዓመት ከፈረንጅ ጋር ሠርተዋል፤ ያልኩት ገብቷቸዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"አዋረድሽኝ" አሉኝ ስልኩ ሲዘጋ።

"ቤቱን እንዳያጡ ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

ገንዘቡ ተፈቀደ፣ ቤታቸውም ቀረላቸው። ከዚያ በኋላ ግን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው አጠረ። ያን ሰሞን ሬይኪያቪክ ክፉኛ ናፈቀኝ። በረዶ እየጣለ ሙቅ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፈን ከማላውቃቸው አሮጊቶች ጋር የዋጋውን እብጠት ስናማ፣ ሰው ነበርኩ። እዚህ ሙቀቱ ደረት ላይ ይቀመጣል፣ ሰው ሁሉ በመኪና ያልፋል። አብሬያቸው የማማርረው ጎረቤት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ጠሩኝ። ደስ አለኝ፣ ሮጬ ወረድኩ። መብላት እንደጀመርን ልጃቸው ትዕግሥት ከደሴ በቪዲዮ ደወለች።

"እማዬ፣ ከሥራ አባረሯት ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?"

"ማነው ያለሽ? በራሴ ነው የለቀቅኩት። ትንሽ ልረፍ ብዬ።"

"አትዋሺኝ።"

እትዬ ብርቄ ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። "ሰናይትን ጠይቂያት። ወረቀቱን የጨረሰችልኝ እሷ ናት።"

ልጅቷ ከስልኩ ውስጥ አፍጥጣ አየችኝ። እናትየው አላዩኝም፤ ሳህኑ ላይ ያለውን ወጥ በእንጀራ ወዲያና ወዲህ ያደርጋሉ።

"አዎ" አልኳት፣ "በፈቃዳቸው ነው የለቀቁት። አለቃቸው እንዲቆዩለት ለምኗቸው ነበር።"